ልጃችን ሰንፏል ወይስ ፈርቷል?



ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ወላጆች ደጋግመን የምንሰማው ስሞታ አለ። «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የመውጫ ፈተናውን አላለፈም። አጥና ስለው ‹ኢንሻአላህ ከነገ ጀምሮ› ይለኛል። ነገም ያው ነው።»

ይህ ፈተና በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ በሁሉም የትምህርት መስክ መሰጠት የጀመረው በ2015 ነው። ማለፊያው 50 ከመቶ ሲሆን ያላለፈ ዳግም ይፈተናል። ለዳግሙ ግን መምህርም፣ ክፍልም፣ አብሮ የሚያጠና የዶርም ጓደኛም የለም። ልጁ ከደብተሩ ጋር ብቻውን ነው።

ዑለሞች እንዲህ ያለውን ነገ ዛሬ ማለት «ተስዊፍ» ይሉታል። «ኢንሻአላህ» ቁርጥ ሐሳብ ላለው ሰው የተሰጠ ቃል እንጂ ላለመጀመር የሚደረብ መሸፈኛ አይደለም።

ሆኖም ለመፍረድ አንቸኩል። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) በዱዓቸው ከዐጅዝም ከከሰልም በአላህ ይጠበቁ ነበር። ከሰል (የምድጃውን ማለታችን አይደለም!) እየቻሉ መተው ነው፤ ዐጅዝ ደግሞ አለመቻል ነው። ሁለቱን ለየብቻ መጥራታቸውን ልብ እንበል። አንድ ጊዜ የወደቀ ልጅ ብዙውን ጊዜ የያዘው «አልችልም» የሚለው ስሜት ነው። ካልጀመረ አለመቻሉ አይታወቅበትምና «ነገ» ይላል። እኛ «ሰነፍ!» ብለን ስንጮህበት ፍርሃቱን እናጸናበታለን።

የወሎ ደረሶችን እናስታውስ። ደረሳው ሸኹ ፊት ከመቅረቡ በፊት ሙጧለዓ ያደርጋል፤ ነገ የሚቀራውን ዛሬ ማታ ብቻውን ያየዋል። ግማሹን ተሳስቶ ይቀርባል፣ ሸኹም ያቃኑታል። በራሱ መተማመኑ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እስኪመጣ ጠብቆ ቢሆን ኖሮ ኪታቡን ባልገለጠ ነበር።

ልጃችንም ከሱብሒ ሶላት በኋላ አንድ ሰዓት ይያዝ። መጀመሪያ ደብተሩን ሳያይ ጥቂት የቆዩ ጥያቄዎችን ይሥራ፤ ከዚያ የሳተውን ብቻ ያንብብ። ስልኩ እናቱ ዘንድ ይቆይ። ቅዳሜና እሑድ በአንድ የትምህርት መስክ ያሉ ሁለት ሦስት የሰፈር ልጆች ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ተገናኝተው ይጠያየቁ፤ የመስጂድ ጥግ አይጠፋም።

ሴት ልጅ ስትሆን ሌላም ነገር አለ። «እቤት አይደለሽ?» ተብላ እንጀራው፣ ልብሱ፣ የታናናሾቿ ነገር ሁሉ በእሷ ላይ ይወድቃል። ማታ ደብተሩን ስትገልጥ እንቅልፍ ይጥላታል። እሷ «ነገ» ያለችው ሰንፋም ፈርታም አይደለም። ሰዓቷን ወስደንባት ነው። ዛሬ ማታ እንመልስላት።