ደንበኛው አድማጭ
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)



በጌዴኦ ዞን፣ በይርጋ ጨፌ አካባቢ የምትገኘው አሪቻ በዓለም ገበያ ስሟ የሚነሣው በቡናዋ ነው። በመኸር ወራት በማድረቂያው አልጋ ዙሪያ የተቀመጡ ለቃሚዎች የተበላሸውን ፍሬ ከደኅናው ሲለዩ ይውላሉ። ዓይንና እጅ በሥራ ተይዘዋል፤ ጆሮ ግን ነፃ ነው። ስለ ፖድካስት የሚነገረው ሁሉ ከዚህ ነፃ ጆሮ ቢጀምር ይሻላል። መሣሪያው የተወደደው ሥራ ለማያስፈታ አድማጭ ስለሚስማማ ነውና።

ይህን ጆሮ ቀድሞ ያገለገለው ሬዲዮ ነበር። የብሥራተ ወንጌል ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1963፣ የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል ደግሞ በ1982 ሥርጭት ጀምረዋል። ነገር ግን ሬዲዮ ሰዓቱን የሚወስን ጌታ ነው፤ ያመለጠ አመለጠ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ አንድ ምሽት የቀረ ሰው ያለፈውን ከጎረቤት አፍ ከመስማት በቀር ምን አማራጭ ነበረው? ካሴት መጥቶ ይህን ጥቂት አቀለለው። ዛሬ ያ ትረካ በየስልኩ ይገኛል፤ ሰውም በፈቀደው ሰዓት ይሰማዋል።

ፖድካስት የሚለው ቃል የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2004 ቤን ሐመርስሊ በእንግሊዙ ጋዜጣ በጋርዲያን ላይ ባወጣው ጽሑፍ ነው። አፕል በሰኔ 2005 አገልግሎቱን በአይቲዩንስ ውስጥ እስኪያስገባው ድረስ የመጀመሪያዎቹ አድማጮች ድካም ቀላል አልነበረም። የዝግጅቱን አድራሻ ከሰው ሰምቶ ወይም ከድረ ገጽ ፈልጎ ማግኘት፣ በልዩ ፕሮግራም ውስጥ መመዝገብ፣ ፋይሉ እስኪወርድ መጠበቅ፣ ከዚያም በሽቦ ወደ ማጫወቻው ማዛወር ነበረባቸው። በስልክ መስመር ኢንተርኔት ይጠቀም ለነበረ ሰው የአንድ ሰዓት ንግግር እስኪወርድ የሚወስደው ጊዜ ከንግግሩ ርዝመት ሊበልጥ ይችል ነበር። ሆኖም ማታ አስጀምሮ የተኛ ሰው ጠዋት ተዘጋጅቶ ያገኘዋል። ጥበቡም ያለው እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ ለቤተ መጻሕፍት ሰው እንግዳ አይደለም። አዘጋጁ በአንድ ቋሚ አድራሻ ላይ ዝርዝር ያኖራል። በዝርዝሩም የእያንዳንዱ ክፍል ርእስ፣ ቀን፣ አጭር መግለጫና ድምፁ የሚገኝበት ቦታ ይጻፋል፤ ካርድ ካታሎግ ማለት ነው። አድማጩ ደንበኛ ሲሆን የሚያደርገው ይህን አድራሻ ለስልኩ መስጠት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ራሱ እየሄደ አዲስ ነገር መኖሩን ይጠይቃል። የጋዜጣ ደንበኛ ስሙና አድራሻው በአሳታሚው መዝገብ ይሰፍራል፤ የዚህ ደንበኛ መዝገብ ግን በራሱ እጅ ሊቀመጥ ይችላል። ጎግል የፖድካስት አገልግሎቱን በ2024 ሲዘጋ መዝገባቸውን በወቅቱ ያወጡ ደንበኞች ወደ ሌላ መተግበሪያ ይዘውት ሄደዋል። ይህ ታላቅ ነገር ነው።

ኔትወርክ በሚደክምበትና የዳታ ዋጋ በሚከብድበት ገጠር ደግሞ የደንበኝነቱ ጥቅም ይበልጥ ይታያል። ከአሪቻ ወደ ዲላ የወጣ ሰው ዋይ ፋይ ባለበት ቤት አንድ ሻይ እስኪጠጣ የሳምንቱን ዝግጅት አውርዶ ሊመለስ ይችላል። ለዚህም ስልኩ በዋይ ፋይ ብቻ እንዲያወርድ፣ ከእያንዳንዱ ዝግጅት የቅርቡን ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ብቻ እንዲይዝ፣ የተሰማውንም እንዲያጠፋ ማዘዝ ያስፈልጋል። አለዚያ ማከማቻው በሁለት ሳምንት ይሞላና ሰውየው ተሰላችቶ ሁሉንም ይተወዋል። ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው ያገኘውን ሁሉ ሲመዘግብ ነው። ዜናን ከትረካ፣ ትረካን ከትምህርት ለይቶ ማስቀመጥ ግን ያለ መምህር የሚለመድ ነገር ነው።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። በአገራችን ብዙ ድምፅ የሚዘዋወረው በዝርዝር ሳይሆን በቴሌግራምና ከስልክ ስልክ በሚቀዳ ሚሞሪ ካርድ ነው። መንገዱ ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ሊነቀፍ አይገባም፤ ያለ እርሱ ብዙ ሰው ምንም ባልሰማ ነበር። ይሁን እንጂ ፋይሉ ሦስት እጅ ካለፈ በኋላ ተራኪው ማን እንደ ሆነ፣ መቼ እንደ ተቀዳ፣ ስንተኛው ክፍል እንደ ሆነ የሚናገር ነገር አይቀርለትም። የታወቀ መጽሐፍ ትረካ ከሆነ ባለቤቱን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። በሶንጎ የተቀመጡ የጌዴኦ አባቶች በቋንቋቸው ስለ ባሌ ሥርዓት የተናገሩት በአንድ ወጣት ስልክ ተቀድቶ ቢሆንስ? ካርዱ ሲበላሽ ንግግሩ ይጠፋል። ካርዱ ቢተርፍ እንኳ ተናጋሪው ስም የሌለው ድምፅ ሆኖ ይቀራል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል፤ ስለዚያ መሬት የሚናገሩት ሰዎች ቃል ግን መዝጋቢ ይፈልጋል።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። አንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ተናጋሪውን አስፈቅዶ ስሙን፣ ቀበሌውን፣ ቀኑንና ቋንቋውን ከድምፁ ጋር በዝርዝሩ ላይ ሊያኖር ይችላል። በዲላ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በወረዳው ቤተ መጻሕፍት ሥራው በአንድ ኮምፒዩተር ይጀመራል። በአሪቻ ያለ አድማጭም በገበያ ቀን ወደ ከተማ ሲወጣ የሳምንቱን ትረካ ባወረደበት ስልክ የገዛ አያቱን ንግግር ጨምሮ ይመለሳል።