ለአንድ በር ሲባል ቤት አይፈርስም
(ለኅብረቱ አባሎች የተሰጠ ንግግር)



አንድ ኮምፒዩተር የኔትዎርክ ካርዱን አላውቅም ባለ ጊዜ «ይህስ አርጅቷል» ተብሎ ወደ ዕቃ ቤት ሲጣል እናያለን። ብዙ ጊዜ ግን የጐደለው ካርዱን ከከርነሉ ጋር የሚያነጋግረው ድራይቨር ብቻ ነው። አንዳንዶቻችንም ይህን ለማቃናት ስንል ከርነሉን በሙሉ እንደ አዲስ ኮምፓይል እናደርጋለን፤ በደካማ ማሽን ላይ ይህ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ሊኑክስ ዛሬ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ነውና። ለአንድ በር ሲባል ቤት ማፍረስ ይሉታል ይህን ነው።

በሩን ብቻ መለወጥ ይቻላል፤ ነገር ግን በሩ ከመቃኑ ጋር መግጠም አለበት። ስለዚህ አስቀድመን «ዩኔም» በተባለው ትእዛዝ እየሠራ ያለውን ከርነል ቁጥር እንጠይቃለን። ቀጥሎ የዚያኑ ቁጥር ሄደሮች እንጭናለን። የድራይቨሩን ምንጭ ለብቻው በአንድ ፎልደር እናኖራለን፤ በሜክፋይሉ ውስጥ «ኦብጅ-ኤም» የሚለው መስመር ሥራው በሞጁል መልክ እንዲወጣ ያዛል። ከዚያም «ሜክ» ስንል ሁለት አድራሻ እንሰጠዋለን፤ በ«ሲ» የሄደሮቹን፣ በ«ኤም» የድራይቨሩን ፎልደር። ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መጨረሻው «ኬ.ኦ.» የሆነ ፋይል ይወጣል። ይህንንም በ«ኢንስሞድ» አስገብተን ከርነሉ ያለውን በ«ዲሜስግ» እናነባለን።

ቁጥሩ ካልገጠመ ከርነሉ ሞጁሉን አልቀበልም ይላል። በግድ ማስገባት አይገባም፤ ሞጁል በከርነሉ ሙሉ ሥልጣን ስለሚሠራ አንድ ስሕተቱ ማሽኑን በሙሉ ሊያቆመው ይችላል። እንግዲህ ምንጩን ሳናነብ፣ ጽሑፋችንንም ሳናስቀምጥ አንሞክር። ሴኪዩር ቡት በተከፈተበት ማሽን ደግሞ ያልተፈረመ ሞጁል እንደማይገባ እናስታውስ። ከርነሉ በታደሰ ቁጥርም ሞጁሉ እንደገና መሠራት አለበት፤ «ዲ.ኬ.ኤም.ኤስ.» የተባለው መሣሪያ ይህን በራሱ ይፈጽማል።

ወገኖቻችን፤ ሊኑክስን በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ሥራው ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጂ.ፒ.ኤል. ፈቃድ ሥር ስለ ዋለ፣ ምንጩን ማንበብ፣ መለወጥና ማካፈል የማንም ሰው መብት ሆኗል። በሩን ለይተን ለማደስ የቻልነውም በዚሁ መብት ነው። ነገር ግን ያልተሠራበት መብት ተቈልፎ ከተቀመጠ መጽሐፍ አይሻልም።

ስለዚህ በየላቦራቶሪው ወደ ጥግ የተገፉትን ማሽኖች አንድ በአንድ እንመርምር። የጐደላቸው ድራይቨር ከሆነ ሠርተን እናስነሣቸው፤ የሠራንበትንም መንገድ ጽፈን ከኋላችን ለሚመጡት እናቈይ። ወረፋ ለሚጠብቀው ጓደኛችን አንድ የተነሣ ማሽን ከብዙ ንግግር ይበልጣል።