ለዕድራችን ክፍል ስለሚገዛው ድምፅ ማጉያ



እንደምታውቁት በስብሰባችን ላይ ከኋላ የሚቀመጡ እናቶችና አባቶች ያልሰሙትን ውሳኔ እጅ አውጥተው ያጸድቃሉ። ይህ መቅረት አለበት። አንዳንዶች ታዲያ «መርካቶ ወርደን ትልቁን እንግዛና እንገላገል» ይላሉ። የዋቱ ቁጥር እጥፍ ቢሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ለጥቂት ነው የሚለየው። ደግሞም ክፍላችን ጠባብ፣ ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ድምፅ በበዛ ቁጥር ቃሉ ይደበላለቃል። ሁለት መለስተኛ ስፒከር ይበቃናል። ከተቀማጩ ራስ ከፍ ብለው፣ ወደ ሰው ዘንበል ብለው ይሰቀሉ። ማይክሮፎኑ ከፊታቸው ከቆመ ያፏጫል፤ ከኋላቸው ይሁን። ማጉያው ከ8 ኦም በታች አይታሰርብኝ የሚል ከሆነ 4 ኦም ስፒከር እንዳይገዛ፤ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ሻጩማ «ችግር የለውም» ማለቱ አይቀርም! ገዢዎቹ ገንዘቡን ከመክፈላቸው በፊት በዘፈን ሳይሆን በሰው ንግግር ያስሞክሩት።