ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ ስላለው ጥንቃቄ



ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ በየቤቱ የሚገባ ነው። ከእናንተ መካከል ለቀዶ ሕክምና ሐኪም ቤት የገባ ዘመድ ወይም የመሥሪያ ቤት ባልንጀራ አስታምሞ የማያውቅ ሰው ጥቂት ይሆናል። በዚያን ጊዜ ሁላችንም ሐሳባችንን የምንጥለው በሐኪሙ እጅ ላይ ነው። «በደኅና ተፈጸመ» የተባልን እንደ ሆነም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ዳሩ ግን ብዙውን በሽተኛ የሚጐዳው ወይም የሚጠቅመው ከዚያ በፊት ባለው ሌሊትና ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት የሚደረገው ነገር ነው።

ይህን የተማርሁት በአክስቴ ሕመም ነው። ሐሞታቸው ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ ወደ አንድ ሐኪም ቤት ገቡ። በዋዜማው ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ውሃም ቢሆን እንዳይቀምሱ ታዘዙ፤ ተራቸው የደረሰው ግን በማግስቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር። ይኸውም 20 ሰዓት ሙሉ ማለት ነው። ከንፈራቸው ደርቆ ራሳቸውን ያዞራቸው ነበር፤ ሆኖም አንዲት ቃል አላማረሩም። ሁዳዴን እየጾመ ያረጀ ሰው ጥማትን እንደ ትሩፋት ይቈጥረዋልና። ይህ ጠባያችን በሌላ ስፍራ ያስመሰግነናል፤ በቀዶ ሕክምና ዋዜማ ግን ማንንም አይጠቅምም። ከዚያም በኋላ እኛ ዘመዶቻቸው «ስፌቱ ይፈታል» እያልን አምስት ቀን ከአልጋ እንዳይነሡ ከለከልናቸው። ከከልካዮቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። በስድስተኛው ቀን አንድ እግራቸው አበጠ፤ በደም ሥሩ ውስጥ ደም ረግቶ ነበር። እንዲህ ያለው የረጋ ደም ተነሥቶ ወደ ሳንባ የሄደ እንደ ሆነ በድንገት ይገድላል። አክስቴ ግን ለብዙ ወራት መድኀኒት ወስደው ዳኑ።

እንግዲህ ስለ ጾሙ እንናገር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. ሜንደልሶን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፣ በማደንዘዣ ተኝተው የሚወልዱ እናቶች ከሆዳቸው የሚመለሰው ነገር ወደ ሳንባቸው እየገባ እንደሚጐዳቸው አስረዳ። ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር። «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም አይቅመሱ» የሚለው ልማድ በዓለም ሐኪም ቤቶች የጸናው በዚህ ፍርሃት ነው። ቆይቶ ግን በምርመራ የታወቀው፣ ንጹሕ ውሃ ከሆድ ቶሎ የሚያልፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ የአሜሪካ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር በ1999 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ጤነኛ ሆኖ በቀጠሮ ለሚታከም ሰው ውሃና ወተት ያልገባበት ሻይ እስከ 2 ሰዓት፣ ቀላል ምግብ እስከ 6 ሰዓት ድረስ ከማደንዘዣው በፊት ሊፈቀድለት እንደሚችል ወሰነ። ወተት ከምግብ ወገን ይቈጠራል። አንጀቱ ለተዘጋ፣ በድንገተኛ አደጋ ለመጣ ወይም ሆዱ ምግብን ቶሎ ለማያሳልፍ ሰው ግን ሌላ ፍርድ አለው፤ ያንን የሚወስነው ሐኪሙ ብቻ ነው።

ስለ መነሣቱም ነገሩ እንዲሁ ነው። በዴንማርክ አገር፣ በኮፐንሃገን አጠገብ ባለው በቪዶቭር ሐኪም ቤት ሄንሪክ ኬሌት የተባሉ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። እኚህ ሰው ቢላዋውን ከማሻሻል ይልቅ «በሽተኛው ዛሬም ከዚህ የተኛው ስለ ምን ነው?» ብለው መጠየቅን መረጡ። መልሱም ሕመሙ ስላልታገሠ፣ አንጀቱ ሥራውን ስላልጀመረ፣ በአልጋ ላይ ሲውል ጡንቻው ስለ ደከመ፣ ያለ ብዙ ጥቅም የገቡ ቱቦዎችም ስላሰሩት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሕመሙን በጀርባ በኩል በሚሰጥ ማደንዘዣ አስታገሡ፣ ሞርፊንን ቀነሱ (ሞርፊን አንጀትን ያስተኛልና)፣ ቱቦውን አስወገዱ፣ ወዲያውም አበሉና አስነሡ። በ1999 ዓ.ም. ከባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከትልቁ አንጀታቸው ክፍል ተቈርጦ የወጣላቸው 16 በሽተኞች አብዛኞቹ በ2 ቀን ወደ ቤታቸው እንደ ገቡ ገለጡ። በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለው ሕክምና ሳምንትና ከዚያ በላይ መተኛት የተለመደ ነበር። 16 ሰው በእርግጥ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በ2001 ዓ.ም. የስኮትላንዱ ፊሮንና የስዊድኑ ዩንግክቪስት የሌሎችን አገሮች ሐኪሞች ሰብስበው ነገሩን በሰፊው መመርመር ጀመሩ።

ከዚህ ጋር የሚሄዱ ሌሎችም ምርመራዎች አሉ። በ1996 ዓ.ም. ቪየና ላይ በ200 በሽተኞች በተደረገው ምርመራ፣ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሰውነታቸው እንዲሞቅ ከተደረገላቸው ከመቶው 6፣ ብርድ ከነካቸው ግን ከመቶው 19 ቍስላቸው መግል ያዘ። ብርድ ልብስ የመድኀኒትን ያህል ሠራ ማለት ነው! ሲጋራ ለምታጨሱት ደግሞ በዴንማርክ በ2002 ዓ.ም. የታተመውን ልንገራችሁ፤ ዳሌያቸውን ወይም ጕልበታቸውን ለመታከም ቀጠሮ ከያዙት ሰዎች መካከል ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስቀድመው ማጨስን እንዲተዉ ወይም እንዲቀንሱ ከተረዱት ከመቶው 18፣ እንደ ልማዳቸው ከቀጠሉት ከመቶው 52 ጕዳት አገኛቸው።

በአገራችንም፣ ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ከአምስት ሐኪም ቤቶች ጋር ሆኖ እጅን በአግባቡ መታጠብን፣ የመሣሪያን ንጽሕና፣ የመድኀኒትን ሰዓት መጠበቅንና የመሳሰለውን ባጠናከረ ጊዜ፣ የቍስል መመረዝ በሲሶ ገደማ ቀንሷል። አዲስ ሕንጻ አልተሠራም፤ ያለው ሥርዓት ተስተካከለ እንጂ።

እናንተ አስታማሚዎች ሆይ፤ ሐኪሙ ከፈቀደ በሽተኛውን በዚያው ቀን በአልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጡት፣ በማግስቱም ደግፋችሁ አራምዱት። ሲያስለው ትራስ በስፌቱ ላይ ደግፎ ይሳል። ሕመሙን «ቻለው» አትበሉት፤ የሚያመው ሰው በረጅሙ አይተነፍስምና ሳንባው ይታመማል። በጾም ወራት ቢሆን እንኳ ዕንቍላልና ወተት እንዲያገኝ ከንስሓ አባቱ ጋር ተመካከሩ፤ ቍስል ያለ ምግብ አይሽርም፣ ሕመምተኛንም ቤተ ክርስቲያን ከጾም ታሳርፋለች። የቀጠሮውን ሰዓት ሲነግሯችሁም «ውሃ እስከ ስንት ሰዓት ይጠጣ? ተራው ቢዘገይስ?» ብላችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ።

አክስቴ ባለፈው ዓመት ለሌላ ቀዶ ሕክምና ገብተው ነበር። ይህን ጥያቄ የጠየቁት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። ጠዋት ሻያቸውን ጠጥተው ገቡ፣ ማታ ተቀመጡ፣ በማግስቱ እስከ መስኮቱ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ዘመድ ሁሉ አጥሚቱን ይዞ ሊጠይቃቸው ቢሄድ አልጋቸው ላይ ሌላ ሰው ተኝቶ አገኘ።