መጽሐፍ ዘግቶ ማስታወስ፦ የአንድ ግኝት ታሪክ



የማስታወስ ጥናት ታሪክ ሁሌም የሚጀመረው ከጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ነው። ትርጉም አልባ ክፍለ ቃላትን እየሸመደደ፣ ከአእምሮው እንዴት እንደሚጠፉ በራሱ ላይ ለክቶ በ1885 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አሳተመ። ይህን ታውቁታላችሁ፤ አልፈዋለሁ።

የምቆየው 1917 እና 1939 ላይ ነው። አንዳንድ ጸሐፍት ያነበቡትን ከልብ አውጥቶ መናገር ትምህርትን እንደሚያጸና የታወቀው በ2006 ያስመስሉታል። ሌሎች ደግሞ ቀድሞም ይታወቅ ነበር፣ ነገር ግን ከቤተ ሙከራ አልወጣም ይላሉ። ከሁለቱም ጋር አልስማማም። አሜሪካዊው አርተር ጌትስ በ1917 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች ጊዜያቸውን ለንባብና በቃል ለመውጣት በተለያየ መጠን እንዲከፍሉ አደረገ፤ አብዛኛውን ጊዜ በቃላቸው ሲሉ ያሳለፉት ንባብ ብቻ ከደጋገሙት በለጡ። ኸርበርት ስፒትዘር ደግሞ በ1939 ባሳተመው ጥናት በአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት 3,605 የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ ቀርከሃ አስነብቦ፣ የመጀመሪያውን ፈተና ለየቡድኑ በተለያየ ቀን ሰጠ። እንዳነበቡ ወዲያው የተፈተኑት፣ ከሳምንታት በኋላም ብዙውን አልረሱትም፤ ሳይፈተኑ የቆዩት ግን አብዛኛውን ረስተውታል። ስድስተኛ ክፍል ቤተ ሙከራ ነው?

ታዲያ ይህ ግኝት ለምን ተረሳ? ትምህርት ቤቱ ፈተናን የሚያውቀው በሚዛንነቱ ብቻ ስለነበረ ነው እላለሁ። ቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ የትናንቱን በቃሌ ሳልወጣው አዲስ አይሰጠኝም ነበር፤ ስሳሳት የኔታ እዚያው ያርሙኝ ነበር። አስኳላ ስገባ ግን ማርኩ ካርድ ላይ ሰፈረ፣ የፈተናው ወረቀት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ቀረ። የቱን እንደሳትኩ የነገረኝ የለም። ዛሬም ወረቀት ሳይመልስ ሴሚስተር የሚዘጋ መምህር አለ ሲባል ያንገበግበኛል። ልጁ ሊማርበት የሚገባው ያ ቀዩ ምልክት ነበር!

ያልኩትን ላሰባስብ። ጌትስ ማስታወስ ራሱ ማጥናት መሆኑን አሳየ። ስፒትዘር በሺዎች በሚቆጠሩ ሕፃናት ላይ አጸናው፤ ጊዜውም ወሳኝ መሆኑን፣ ሳይረሳ ቶሎ መጠየቅ እንደሚገባ ጨመረበት። ማስረጃው በሙሉ በእጅ ነበር፤ የጎደለው ፈተናን እንደ ማስተማሪያ የሚያይ ትምህርት ቤት ነው።

ሰብሳቢው ሰዓት እያሳዩኝ ስለሆነ የቀረውን በአጭሩ። በ2006 ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጽሑፍ አስነበቡ። ከ5 ደቂቃ በኋላ የበለጡት ደግመው ያነበቡት ናቸው፤ ከሳምንት በኋላ ግን ያስታወሱትን ጽፈው የነበሩት በለጡ። ከዚያ በኢሊኖይ በአንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ማርክ የማይያዝባቸው አጫጭር ጥያቄዎች የኅብረተሰብ ትምህርት ውጤትን አሻሻሉ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።