ሦስት ሙከራ



ዛሬ የማወራላችሁ ስለ ዩክሬናዊቷ ከፍታ ዘላይ ስለ ያሮስላቫ ማሁቺክ ነው። የተወለደችው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 ዲኒፕሮ ከተማ ነው።

መጀመሪያ አንድ ደንብ ልንገራችሁ። በከፍታ ዝላይ ለእያንዳንዱ ከፍታ ሦስት ሙከራ አለ። ሦስቴ በተከታታይ ዘንጉን የጣለ ይወጣል። ሁለት ሰዎች እኩል ከዘለሉ ደግሞ የመጨረሻውን ከፍታ በትንሽ ሙከራ ያለፈው ያሸንፋል።

ያሮስላቫ በ2019 ዶሃ ላይ፣ ገና 18 ዓመት እንደሞላት፣ በዓለም ሻምፒዮና ብር አገኘች። በ2021 በቶኪዮ ኦሎምፒክ ነሐስ ወሰደች። በየካቲት 2022 ጦርነቱ መጣ። ጦርነት ምን እንደሆነ እዚህ አገር ለምንኖር ማስረዳት አያስፈልግም። እሷ ግን ሦስት ቀን በመኪና ተጉዛ ሰርቢያ፣ ቤልግሬድ ገባች፤ በዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና 2.02 ሜትር ዘላ ወርቅ ወሰደች።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አሜሪካ፣ ዩጂን ውስጥ ከአውስትራሊያዊቷ ኤሊኖር ፓተርሰን ጋር እኩል 2.02 ዘለሉ። ፓተርሰን በመጀመሪያው ሙከራ፣ ያሮስላቫ በሁለተኛው። ወርቁ ለፓተርሰን ሆነ። አንዲት ሙከራ ናት የለየቻቸው!

እሷ ግን ልምምዷን ቀጠለች። በ2023 ቡዳፔስት ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በሐምሌ 2024 ፓሪስ ላይ 2.10 ዘላ፣ ከ1987 ጀምሮ ማንም ያልነካውን የቡልጋሪያዊቷን የስቴፍካ ኮስታዲኖቫን 2.09 ሰበረች። በቀጣዩ ወር እዚያው ፓሪስ፣ በኦሎምፒክ፣ ከኒኮላ ኦሊስላገርስ ጋር እኩል 2.00 ዘለሉ። ያሮስላቫ በመጀመሪያው ሙከራ ስላለፈች በዚያው ደንብ ወርቁ የእሷ ሆነ።

አንድ ነገር ልጨምር። በዝላይና በዝላይ መሃል የመኝታ ከረጢት ውስጥ ገብታ ትጋደማለች። ማረፍም የሥራው ክፍል ነው ማለት ነው።

ወጣቶች፣ አንድ ባግሩት አልሳካ ሲለው «በቃ፣ ይሄ ለኔ አይሆንም» ብሎ የተወ ልጅ ሁላችንም እናውቃለን። አንዴ ዘንግ የጣለ ሰው እኮ ገና ሁለት ሙከራ አለው። ደግሞም እያንዳንዷ ሙከራ ስለምትቆጠር፣ ለመጀመሪያዋም ተዘጋጅቶ መቅረብ ነው።

ወላጆቻችንም፣ ልጃችሁ ብር ይዞ ሲመጣ «ወርቁስ?» ከማለታችሁ በፊት «ጎበዝ፣ አይዞህ፣ እረፍና ነገ ቀጥል» በሉት።