የሩቅ አገር ጢስና የደጋችን ዝናብ

(በጎንደር ከተማ፣ በአራዳ፣ ለተራድኦ ሥራው ደጋፊዎች የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ክረምት ዝናብ ነው። ይህ ጉዳይ የገበሬው ብቻ አይደለም። በአራዳ ገበያ እህል የሚሸምት ሁሉ በወገራና በዳባት ዝናቡ መጣሉን ወይም መቅረቱን ከዋጋው ያውቀዋል። ዝናብ ቀርቶ «ለምን ቀረ?» ብለን ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ ሁለት መልሶች ይሰጡናል። አንደኛው፣ «ሕዝቡ ስለ በደለ እግዚአብሔር ሰማዩን ዘጋ» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ገበሬው ዛፉን ቆርጦ፣ ከብቱን አብዝቶ ምድሩን ስላራቆተ ነው» የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች ጥፋቱን የሚጭኑት በተራበው ሰው ላይ ነው። ሦስተኛ ምክንያት መኖሩን ግን ብዙዎቻችን አልሰማንም። እርሱም በሩቅ አገር የተለቀቀ ጢስ ነው።

አስቀድመን ዝናባችን እንዴት እንደሚመጣ እናስተውል። በጎንደር ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በዚያ ወራት ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል የሰሜኑ የምድር ክፍል ይሞቃል። ምድርን እንደ መቀነት የሚዞረው የዝናብ ደመናም ሙቀቱን ተከትሎ ከምድር ወገብ ወደ እኛ ደጋ ይወጣል። የሰሜኑ ክፍል ከደቡቡ ይልቅ ከቀዘቀዘ ግን ይህ መቀነት ወደ ሰሜን የመውጣት ኃይሉ ይደክማል። ዝናቡ ዘግይቶ ይገባል፣ ወይም ቀድሞ ይወጣል።

ጢሱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ዘይት ሲነድ በውስጡ ያለው ድኝ በጋዝ መልክ ይወጣል። በአየር ላይም ደቃቅ ጠብታ ሆኖ የፀሐይን ብርሃን ወደ ሰማይ ይመልሳል፤ ደመናውንም ይበልጥ ነጭ ያደርገዋል። ከሥሩ ያለው የብስና ባሕር የሚያገኘው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ጢሱ ራሱ ጎንደር ድረስ መምጣት አያስፈልገውም። የሰሜኑን ባሕር ካቀዘቀዘ የእኛን ዝናብ ነክቶአል ማለት ነው።

ይህ ነገር የታየው ፋብሪካ ከመብዛቱ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1783 በአይስላንድ ደሴት ላኪ በሚባል ስፍራ ምድር ተሰንጥቃ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። እስከ ሚቀጥለው የካቲት ድረስም 120 ሚሊዮን ቶን ያህል የድኝ ጋዝ ወደ አየር ለቀቀ። በዚህ በእኛ ከተማ ያን ጊዜ የነገሡት ቀዳማዊ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ነበሩ። በዚያ ዓመትና በሚቀጥለው የዓባይ ሙላት በግብፅ እጅግ አነሰ። በረሃብ ብዙ ሕዝብ እንዳለቀና እንደ ተሰደደ ፈረንሳዊው ተጓዥ ቮልኒ ጽፎአል። እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎች ሁለቱን ነገሮች አገናኝተው መረመሩ፤ የላኪ ድኝ የሰሜኑን ምድር አቀዝቅዞ የአፍሪካን የክረምት ዝናብ እንዳደከመ አስረዱ። በግብፅ የሚሞላው የክረምት ውኃ ደግሞ አብዛኛው የሚሄደው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው። ወደ ካይሮ ያልደረሰው ውኃ አስቀድሞ በእኛ ተራሮች ላይ ያልጣለ ዝናብ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰብንን ረሃብ በዚህ ያሉ አረጋውያን በዓይናቸው አይተዋል። በእነዚያ ዓመታት ከሴኔጋል እስከ ሰሜን ኢትዮጵያ ድረስ ባለው ሰፊ አገር የክረምቱ ዝናብ ደጋግሞ አነሰ። እ.ኤ.አ. በ1975 ጁል ቻርኒ የተባሉ የታወቁ አሜሪካዊ ሊቅ፣ ከብት ሣሩን ግጦ ምድሩን ሲያራቁተው ዝናቡ ራሱ ይቀንሳል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ጥፋቱን በአርብቶ አደሩና በገበሬው ላይ አደረገ።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ሊዮን ሮትስቴይንና ኡልሪከ ሎማን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ፋብሪካዎች የወጣው የድኝ ጢስ የዝናቡን መቀነት ወደ ደቡብ ሊገፋው እንደሚችል አሳዩ። በሚቀጥለው ዓመት አሌሳንድራ ጃኒኒና የሥራ ባልደረቦችዋ፣ የድርቁ ዋና ምክንያት የመሬቱ መራቆት ሳይሆን የውቅያኖሶች ሙቀት መለዋወጥ እንደ ነበረ አስረዱ። የጢሱ ድርሻ ምን ያህል እንደ ሆነ ሊቃውንት አሁንም ይከራከራሉ። የነበረው ግን ጢሱ ብቻ አልነበረም። በ1977 ዓ.ም. ሕዝባችንን የፈጀው ከዝናብ መቅረት ጋር ጦርነትና የእርዳታ መዘግየት ተጨምሮ ነው። ይሁን እንጂ፣ «ገበሬው በገዛ እጁ ነው» ይባል የነበረው ፍርድ ትክክለኛ እንዳልነበረ ዛሬ በእርግጥ መናገር እንችላለን።

ወገኖቼ፤ ሕዝብ የሚሞትበትን አደጋ አይተን ስለ ሟቾቹ ኃጢአት እንዳንፈርድ ጌታችን አስተምሮናል። በሉቃስ ወንጌል በ13ኛው ምዕራፍ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለ ገደላቸው 18 ሰዎች የተናገረውን አስቡ። እነርሱ ከሌሎቹ የባሱ በደለኞች አልነበሩም። ይልቁንም የሚሰሙት ሁሉ ወደ ራሳቸው እንዲመለከቱ ነው ያሳሰባቸው። እንግዲህ እህል ይዘን ወደ ተራበ ሰው ስንሄድ ፍርድ ይዘን አንሂድ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። የአውሮፓ ሰዎች የድኝ ዝናብ ደናቸውንና ሐይቃቸውን ባበላሸባቸው ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1979 በጄኔቭ ስምምነት አደረጉ። ቀጥሎም የድኝ ጢሳቸውን በ30 በመቶ ለመቀነስ በሄልሲንኪ ፈረሙ። ፊርማው የተፈረመው በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም የእኛ ሰዎች በየመጠለያው በነበሩበት በዚያው ክረምት ነው። ፈራሚዎቹ ያሰቡት ስለ ገዛ ዛፎቻቸው ነበር እንጂ ስለ ወገራ ገብስ አልነበረም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ዝናቡ በከፊል ሲያገግም የጢሱ መቀነስ አንዱ ምክንያት እንደ ሆነ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሰማዩ ራሱ መልስ ሰጥቶአል። የማይተያዩ ሰዎችም ባልንጀሮች ናቸው።

አሁን ከሰማዩ ወደ እርሻው እንውረድ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ ሲጥል 10,000 ሊትር ውኃ ነው። ስንዴና ገብስ ከዘር እስከ አጨዳ ከ450 እስከ 650 ሚሊ ሜትር ውኃ እንደሚፈልጉ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ያመለክታል። ክረምቱ 100 ሚሊ ሜትር ቢያጎድል ከአንዱ ሄክታር አንድ ሚሊዮን ሊትር ጎደለ ማለት ነው፤ ይህም በ20 ሊትር ጀሪካን 50,000 ጀሪካን ይሆናል። ይህን የሚሸከም አህያ የለም። በጢስ የደበዘዘ ፀሐይ ትነቱን በጥቂቱ ይቀንሰው ይሆናል፤ ነገር ግን ከዝናቡ የጎደለውን አይተካም። ጉድለቱ ደግሞ በሁሉም ጊዜ እኩል አይጎዳም። እህሉ ሲያብብና ፍሬ ሲቋጥር ውኃ ካጣ፣ በሐምሌ የጠጣው ሁሉ ገለባ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ነው በመስከረም መግቢያ ቀድሞ የሚወጣ ዝናብ ገበሬውን የሚያስለቅሰው።

የሩቁን ጢስ ማዘዝ አንችልም። በቤታችን ያለውን ግን እንመልከት። እንጨት በጠፋበት ደጋ እናቶቻችን ኩበት ያነድዳሉ። ያ ጢስ በመጀመሪያ የእናቲቱንና በጀርባዋ ያለውን ሕፃን ሳንባ ይጎዳል። ሁለተኛም፣ በእርሻው ላይ ፍግ ሊሆን የሚገባው ነገር አመድ ሆኖ ይቀራል። ፍግ ያጣ አፈር ደግሞ ውኃ አይዝም፤ የጣለው ዝናብ ታጥቦ ወደ ገደል ይወርዳል። እናቲቱ ይህን የምታደርገው ስለ ቸገራት ነው፤ ፈርደን ሳይሆን አግዘን ልንቀርባት ይገባል። እንጨት የሚቆጥብ ምድጃና በቅጥር ግቢ የሚተከል የማገዶ ዛፍ ኩበቱን ወደ እርሻው ይመልሱታል። እርከን የሮጠውን ውኃ ያቆመዋል፤ በአፈሩ ላይ የተተወ ገለባም ትነቱን ይቀንሰዋል። ይህ ሁሉ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አይጨምርም። ነገር ግን የጣለውን ዝናብ እስከ መስከረም ማብቂያ ሊያቆየው ይችላል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በጃን አሞራ፣ በበየዳና በጠለምት የደረሰውን ድርቅ እናስታውሳለን። ያ ዓመት የኤል ኒኞ ዓመት ነበር፤ ምድርም በሌላ ዓይነት ጋዝ እየሞቀች ሄዳለች። ለዚህ መድኃኒት ብለው ድኝን ሆን ብሎ በከፍተኛው ሰማይ መርጨት ይቻላል የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች፣ ይህ በሰሜኑ በኩል ብቻ ቢደረግ ድርቅን ወደ አፍሪካ ሊመልስ እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። እንግዲህ ስለ ሰማዩ በሚመከርበት ስፍራ የጃን አሞራ ገበሬም ድምፅ ሊሰማለት ይገባል። ከውጭ አገር ሆናችሁ ይህን መልእክት የምታነቡ ወዳጆቻችን፣ ይህን ድምፅ ለየመንግሥቶቻችሁ እንድታደርሱለት እንለምናችኋለን።

ለእናንተ ለሁላችሁ የማቀርበው ልመና ሁለት ነው። በረሃብ ጊዜ እህል በመስጠት እንደምትተጉ፣ በጥጋብ ዓመትም ለእርከን፣ ለምድጃና ለችግኝ መስጠትን አትተዉ፤ የተራበው ገበሬ የሚድነው ከረሃቡ በፊት በተሠራ ሥራም ነውና። ደግሞም ጸልዩ። ዝናብን ለጻድቁም ለበደለኛውም የሚሰጥ አባት፣ የዘንድሮውን ክረምት በጊዜው ያስገባልን፣ በጊዜውም ያውጣልን።

እግዚአብሔር ይባርካችሁ። አሜን።